እናቴ ጨረቃን ያጠበችበት ቀን

በቤታችን አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር፤ ኪሱ ያልተገለበጠ ልብስ ውሃ አይነካም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ካፖርት ይሁን የሰፈር ሰካራም ሱሪ፣ እናቴ ፊት ሲቀርብ እኩል ነው። ኪሱ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ በመዳፏ ጠብ ጠብ ታደርገዋለች፣ የሚወድቀው ይወድቃል፣ ከዚያ ወደ ሳፋው።

ላውንደሪ ነበረን። ከፊት ደንበኛ የምንቀበልበት ባንኮኒ፣ መሃል ላይ የካውያ ክፍል፣ ከጓሮ ማጠቢያና የማስጫ ሽቦ። እኛ የምንኖረው ፎቁ ላይ ስለነበር የልጅነቴ ሽታ የሳሙና፣ የእንፋሎትና የጋለ ጨርቅ ሽታ ነው። ከኪስ የተገኘ ዕቃ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ያለ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ቁልፍ፣ የእርሳስ ቁራጭ፣ የሲኒማ ትኬት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ። የጥርሱ ባለቤት አፉን በመሐረብ ሸፍኖ ስንት ቀን ሲመላለስ ከርሞ፣ በመጨረሻ እናቴ ጆሮ ስር ተጠግቶ ነው የጠየቃት። እሷም ሳትስቅ ነው የሰጠችው። ይህን ያዙልኝ፤ እናቴ የሰው ገመና ይዛ ባለመሳቅ የምታክላት አልነበረችም።

አባቴ በወረቀት የካውያው ኃላፊ ነበር። በተግባር የጠፈር ኃላፊ ነበር። ሰው ገና ወደ ላይ መተኮስ በጀመረበት ዘመን የወጣ ነገር ሁሉ የሱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳተላይቶች ያሉባቸው ቴምብሮች፣ ወደ ጠፈር የተላከችው ውሻ ምስል የተለጠፈባቸው የክብሪት ቀፎዎች፣ ደረት ላይ የሚደረጉ የቆርቆሮ ዓርማዎች፣ የሮኬት ቅርጽ ያለው ሲጋራ መለኮሻ፣ እንደ ቅጠል የደረቁ ጋዜጦች። እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት ባለመስታወቱ ቡፌ ውስጥ ነው። እናቴ በሠርጓ የተሰጣት የሸክላ ሳህን የሚኖረው አልጋ ስር፣ ካርቶን ውስጥ ነው።

ሰፈሩ «ሳተላይት» ይለው ነበር። ስሙን ያወጣለት ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ሲሆን ምክንያቱንም ለጠየቀው ሁሉ ያስረዳል፦ «ሲዞር ይውላል፤ መሬት አይወርድም።»

ሰባት ዓመቴ ላይ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ የጭነት መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ አንድ ትልቅ እስር ሰልባጅ ወረወረልን። ከወደብ አካባቢ ያመጣው የባሕር ማዶ አሮጌ ልብስ ነው፤ ታጥቦና ተተኩሶ ለነጋዴ ይሰጣል። እኔና እናቴ ተቀምጠን ኪስ እንገለብጥ ጀመር። ከአንድ ሰፊ የሥራ ቱታ የጉልበት ኪስ ውስጥ እናቴ ትንሽ ነጭ ከረጢት አወጣች። ዚፕ አለው፤ ፊቱ ላይ የባዕድ አገር ፊደል ታትሞበታል። እሷ ማንበብ አልሞከረችም። ዚፑን ከፈተች፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገለበጠችው፣ ጠብ ጠብ አደረገችው።

ምንም አልወደቀም።

«ባዶ ነው፤ ለመቆንጠጫ መያዣ ይሆነናል» አለች።

በዚያው ቅጽበት አባቴ የተተኮሰ ሱሪ ክንዱ ላይ አድርጎ ገባ። ከረጢቱን አየው። ቀረብ ብሎ አነበበው። ሱሪው ከክንዱ ላይ ተንሸራቶ ወደቀና እሱም እዚያው የሰው ልብስ ክምር ላይ ዘጭ አለ።

«ምን ሆንክ? ልብህ ነው?» አለች እናቴ ደንግጣ።

«እዚህ ላይ የተጻፈውን ታውቂያለሽ?»

«የፋብሪካው ስም ነዋ።»

«የጨረቃ ናሙና መያዣ ይላል! የጨረቃ!»

«ታዲያ ጨረቃዋ የታለች? ባዶ ነው እኮ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከረጢቱ ቡፌው ውስጥ የክብር ቦታ ተሰጠው። ቁልፉ ከአባቴ ሱሪ ኪስ አይለይም።

ከእኛ ቀጥሎ የሰዓት ሠሪው ሱቅ ነበር። በዚያ ሰሞን በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠለጠለ። የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ «ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል» ተባልኩ። በልጆቹ እንዴት እንደቀናሁባቸው! የኔ አባት ስለ ጉዞ ያወራል፤ የነሱ አባት ግን ተጉዟል። ትንሿን ልጁን «ሲመጣ ለኔም ከረሜላ ያምጣልኝ በይው» አልኳት። አየችኝና ምንም ሳትመልስልኝ ሄደች። ኩራተኛ መሰለችኝ። እናቴ የነሱን ልብስ ያለ ክፍያ ታጥብ ነበር፤ አባታቸው ሩቅ አገር ያለ ሰዎች ለምን በነጻ እንደሚታጠብላቸው አልገባኝም።

ዛሬ ይገባኛል። ሰዓት ሠሪው ውጪው የታወቀ፣ ውስጡ የማይታወቅ ሰዓት ለአንድ ባለሥልጣን ሚስት ሸጦ ነበር። የሄደበት አገር በእግር አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ በሩ ግን ከውጭ ነው የሚቆለፈው።

አባቴ ስለ ከረጢቱ በሰው በሰው አስነግሮ አንድ ታዋቂ ሰብሳቢ መጣ። ረጅም፣ ሽቶው ከፊቱ የሚቀድም፣ ሁለት እጁ ላይ ነጭ የጥጥ ጓንት ያጠለቀ። በልጅ አእምሮዬ እጁን ክፉ ቁስል ይዞታል ብዬ ደመደምኩ፤ ሊጨብጠኝ ሲዘረጋ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ገባሁ። ቴምብሩን አየ፣ «ደስ ይላል» አለ። ክብሪቱን አየ፣ «ደስ ይላል» አለ። ከረጢቱ ላይ ሲደርስ አጉሊ መነጽሩን አወጣ።

«ከረጢቱ የዘመኑ ይመስላል» አለ በመጨረሻ። «ግን ባዶ ከረጢት ያው ከረጢት ነው። ቅንጣት አቧራ እንኳ ቢኖርበት ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። በሽያጭ ካታሎጋችን የፊት ገጽ ላይ፣ ከነስምዎ።»

«ከነስሜ?» አለ አባቴ።

«ከነሙሉ ስምዎ።»

ሰውየው ሄደ። አባቴ ግን ያን ቀን የተኮሰው ሱሪ ሁሉ ሁለት ሁለት መስመር ወጣለት። ሲያጉረመርም እሰማዋለሁ፦ «ዕድሜ ልኬን የሰው ሱሪ ስተኩስ ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ስሜ ከሱሪ ሌላ ነገር አጠገብ ይጻፍ!»

መብራት ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል፤ ስለዚህ ዋናው መሣሪያችን የከሰል ካውያ ነበር። እናቴ በዓለም ላይ የምትጠላው አንድ ነገር ቢኖር ከዚያ ካውያ የሚወጣውን አመድ ነው። አንዲት ብናኝ ነጭ ሸሚዝ ላይ ካረፈች ሸሚዙ እንደገና ይታጠባል፤ አባቴም እንደገና ይሰደባል።

ከሰብሳቢው ጉብኝት በኋላ፣ አንድ ቀን ሱቁ ለምሳ ተዘግቶ እኔ በካውያው ጠረጴዛ ስር «ቤቴ» ውስጥ ነበርኩ። ቤቴ የሚባለው እስከ ወለል የተንጠለጠለው አንሶላ ከለላ ነው። አባቴ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ገባ። የካውያውን አመድ ጋዜጣ ላይ ደፋ። ከኪሱ የሻይ ማጥለያ አወጣና አመዱን በትንሽ በትንሹ እየጨመረ በአመልካች ጣቱ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርገው ጀመር። ምላሱ ከከንፈሩ ጥግ ወጥቷል። ቴምብር ሲያጣብቅ ብቻ ነው እንደዚያ የሚሆነው። ከማጥለያው ስር የሚወርደው አመድ ከዱቄት የላመ፣ ግራጫ፣ ሐር የመሰለ ነበር።

ገባኝ! እናቴ ድስት የምትፈትገው በአመድ ነው፤ ሁልጊዜም «ጠጠር እየበዛበት ድስቱን ይቧጭርብኛል» ትላለች። አባቴ፣ በቤቱ ሥራ ጣቱን አንስቶ የማያውቀው አባቴ፣ በድብቅ ለእናቴ አመድ እየነፋላት ነው! ደስታዬ ሊያፍነኝ ነበር። እንዳይባንን ትንፋሼን ዋጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ግን አላስቻለኝም። እናቴ ያን ዕለት መብራት ስለነበር በኤሌክትሪኩ ካውያ የሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? ግን እንዳታወሪ።»

«ንገሪኝ የኔ እመቤት።»

«አባዬ ድብቅ ስጦታ እያዘጋጀልሽ ነው። አመድ በሻይ ማጥለያ ሲነፋልሽ አየሁት። እንደ ዱቄት አድርጎ!»

እጇ ቆመ። ካውያው አንሶላው ላይ እንዳለ እሷ ግድግዳውን ታያለች። ጭስ ወጣ፤ ከዚያ የሚያቃጥል ሽታ። ባነሳችው ጊዜ አንሶላው ላይ ቡናማ የካውያ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። እናቴ በሕይወቷ ልብስ አቃጥላ አታውቅም። ያን ያህል ደስ ብሏት ነው አልኩ በልቤ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ጎበዝ። ለማንም እንዳትነግሪ። ድብቅ ስጦታ አይደል?» አለችና አቀፈችኝ።

ያን ማታ ራት ላይ ስለ መንገደኛው ሰዓት ሠሪ ተወራ።

«የሰዓት ሠሪውን ልጆች አየሃቸው ዛሬ?» አለች እናቴ።

«ምን ሆኑ?»

«ትልቁ ትምህርቱን ጥሏል። ድንጋይ እየጫነ ነው።»

«እኔ ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ምንም አታድርግ ነው የምልህ።»

አባቴ ዳቦውን አፍረከረከው። ለምን ሁለቱም መብላት እንዳቆሙ አልገባኝም፤ ስለዚህ የሁለቱንም ድርሻ እኔ በላሁት።

እሱ ግን አልተወውም። በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩን ጠርቶ ቡፌውን ከፈተ። ከረጢቱን በመሐረብ ይዞ ዚፑን ሳብ አደረገ። «ተመልከት። ሥፌቱ ውስጥ ተደብቆ ነበር!» ውስጡ ግራጫ፣ ሐር የመሰለ አቧራ። ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ፤ ለቀብር እንኳ አውልቆት አያውቅም።

«አባዬ፣ እማዬ ስትገለብጠው ባዶ አልነበር?» አልኩ።

ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። «ጨረቃ ሁልጊዜ ትታያለች እንዴ? ጊዜዋን ጠብቃ ነው የምትወጣው» አለኝ።

በቂ መልስ ነበር። እንዲያውም በጣም ረካሁ። ጨረቃን በዓይኔ አይቻታለሁና፣ አመሏ እንደዚያ ነው።

የአቧራው ወሬ ደርሶት ሰብሳቢው ሊመለስ ነው ተባለ፤ አሁን ደግሞ መርማሪ ባለሙያ ይዞ። መርማሪ ሲሉ ሐኪም መሰለኝ። የታመመ እጁን ሊያሳይ ነው፣ ተገላገለ ብዬ ደስ አለኝ። ሰፈሩ በሙሉ ቀጠሮውን ያውቃል። አጎቴ መኪናውን አጥቦ መጣ። አባቴ ጠዋት የሥራ ሱሪውን አውልቆ፣ የሠርጉን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እንግዶቹን ከሆቴላቸው ሊያመጣ ወጣ።

የሥራ ሱሪው ወንበር ላይ ቀረ። እናቴ አነሳችው። ኪሱን ገለበጠች። የቡፌው ቁልፍ ወለሉ ላይ ቅጭል አለ።

ቁልፉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ነይ መቆንጠጫ ታቀብይኛለሽ» አለችኝ።

ከረጢቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነከረችው። የሳፋው ውሃ ጠቆረ። ደፋችው። በሙቅ ውሃ ደገመችው፤ ደፋችው። ከዚያ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አምጥታ፣ ዚፑን ጥግ ድረስ ከፍታ፣ ሥፌቱን መስመር በመስመር ፈተገችው። እኔ እዘፍናለሁ። እሷ ከንፈሯን ነክሳለች፤ ግንባሯ ላይ ያረፈው የሳሙና አረፋ ወርዶ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ እንኳ አልጠረገችውም። ዓይኗ የቀላው ከሳሙናው ነው ብዬ አለፍኩት። ነጭ ልብስ የምታደምቅበትን ሰማያዊ ዱቄት ጨመረች። ቀጥ እንዲል በአሚዶ ነከረችው። ፀሐይ ላይ በሁለት ሸሚዞች መሃል ሰቀለችው። ሲደርቅ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ ነበር፤ በካውያ አራት ማዕዘን አጥፋ መስመር አወጣችለት። ያን ከረጢት የመሰለ ንጹሕ ነገር አይቼ አላውቅም።

ሰዎቹ መጡ። ባለጓንቱ፣ ቦርሳ የያዘ አጭር ባለሙያ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ አጎቴ፣ በር ላይ የተኮለኮለ ሰፈር። አባቴ ኪሱን ዳሰሰ፤ ቁልፍ የለም። ወደ ቡፌው ዞረ፤ ተከፍቷል። የክብር ቦታው ባዶ ነው።

«እ... እ...» ከአፉ ሌላ ነገር አልወጣም።

ያኔ እናቴ ከጓሮ ገባች። ከረጢቱን እንደ ሚኒስትር ሸሚዝ በንጹሕ ወረቀት ላይ አጋድማ፣ በሁለት እጇ ይዛ።

«ይኸው» አለች። «እንግዳ ይመጣል ስትል ሰምቼ ነው። ቆሽሾ ነበራ!»

ጓሮ የውሃ ጠብታ ሳፋው ላይ ሲያርፍ ይሰማ ነበር። አጎቴ አፉን ከፍቶ ረሳው። ባለሙያው ቀረብ ብሎ ከረጢቱን አሸተተና፣ ሐዘን በሞላው ድምፅ «ሳሙና» አለ፤ አንድ ቃል ብቻ። አባቴ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ፣ ጀርባውን ለቡፌው ሰጠ፣ የሠርጉን ልብስ እንደለበሰ ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ። ከላዩ የክብሪት ቀፎዎቹ ተራ በተራ ወደቁበት።

«አንቺ ሴትዮ! ምን ሠራሽ?!» አጎቴ ነው፤ አፉ ሲመለስለት።

«ምን ሠራሁ? አጠብኩ።»

«እመቤቴ» አለ ባለጓንቱ፤ «ያጠቡት እኮ... ጨረቃን ነው።»

«ጨርቅ ነው ብዬ ነዋ! ታዲያ ከታጠበ በኋላ ከፋ እንዴ? ይኸው ነጣ።»

ሰውየው ጓንቱን አንድ በአንድ አወለቀ። ከዚያ ቀን ድንጋጤ ሁሉ ለኔ ትልቁ እሱ ነበር፤ እጆቹ ደህና ነበሩ። አንዲት ቁስል የለባቸውም። ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ምን ሊሸፍን ነው?

ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። እናቴን የሚያስሯት መስሎኝ ነበር። ከተሰበሰቡት ሰዎች ውስጥ ስለ እስር ያሰብነው እኔና እሷ ብቻ እንደሆንን ያወቅኩት ገና ባለፈው ዓመት ነው።

ሰዎቹ ሄዱ። እናቴ «ጨረቃን ያጠበችው» ሆና ቀረች። ደንበኛ ልብስ ሲያመጣ «አደራ፣ ኮከብ ካለበት እንዳታጥቢብኝ!» ይላታል። ትስቃለች። አባቴ መጀመሪያ ወራት ሙሉ ዝም አለ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ታሪኩን ማውራት ጀመረ፤ ከዚያ አላቆመም። በሠርግ ያወራዋል፣ በልደት ያወራዋል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ሲከፋው ይጠሩታል። «... እኔ ቡፌውን ስከፍት ባዶ! ዞር ስል እሷ! 'ቆሽሾ ነበራ!'» ሰው ሆዱን ይዞ ይንከባለላል። እናቴ የዘለለው ነገር ካለ ታስታውሰዋለች፦ «አሚዶውን ረሳኸው።» እኔም ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጓደኛ ያፈራሁት በዚሁ ታሪክ ነው። ዛሬ እንጀራዬ ለትልልቅ ሰዎች ንግግር መጻፍ ነው፤ አድማጭ ሲያንቀላፋ ምን እንደሚያነቃው የተማርኩት በእናቴ ላይ ከተሳቀው ሳቅ ነው ማለት ይቻላል።

ባለፈው ዓመት የከተማችን ባህል አዳራሽ የአባቴን ስብስብ ለሕዝብ ሊያሳይ ወሰነ። ስሙ በመጨረሻ ከሱሪ ሌላ ነገር አጠገብ ሊጻፍ ነው። ዕቃዎቹን እንድትመረምር የተላከችው ወጣት ቀጫጫ፣ ጥፍሯን የምትበላ፣ ከዕቃ ጋር የምታወራ ልጅ ናት። ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ክፍል አብረን ስንሠራ ከረጢቱ ላይ ደረሰች።

«ታዋቂዋ ይቺ ናት? አባትሽ ነግረውኝ በሳቅ ሞቻለሁ» አለች። መብራት አስጠግታ፣ በመርፌ ጫፍ የታችኛውን ሥፌት እጥፋት ፈልቀቅ አደረገች። የጥርስ ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ አለ። ከዚያ ትንሽ ግራጫ ነገር ብርጭቆ ላይ አራገፈችና ማጉያው ስር አኖረችው።

ጥፍሯን መብላት አቆመች።

«ምነው? ጨረቃ ተገኘች?» አልኳት እየሳቅኩ።

«እህቴ... ይኼ አመድ ነው። ከሰል። ይኸው ጥቁሯ ቁራጭ፣ የእንጨቱ መስመር ሳይቀር ይታያል።» ቀና አለች። «ከረጢቱ የዘመኑ ነው፤ ወደላይ ወጥቷል አልወጣም ማንም አያውቅም። አመዱን ግን ሰው ነው የጨመረው። ያን ቀን ያ ባለሙያ ሳይታጠብ አይቶት ቢሆን ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ለሽያጭ ነበር አይደል የቀረበው? በቀጥታ ወደ ፖሊስ ነበር።»

ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

ድምፁ ጆሮዬ ላይ መጣ። የሻይ ማጥለያው፣ የምላሱ ጫፍ፣ የሚወርደው ሐር። የሰዓት ሠሪው ቁልፍ። የተቃጠለው አንሶላ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ስስቅበት የኖርኩት ታሪክ ውስጡን ወደ ውጭ ተገልብጦ ፊቴ ተቀምጧል።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት ልጅቱን። ያ የኔ ድምፅ አልነበረም፤ የእናቴ ነበር።

እናቴን የካውያ ክፍል ውስጥ አገኘኋት። ዛሬም ትተኩሳለች፤ ሠራተኛ አላት፣ ሆኖም የማንም መስመር አያረካትም።

«እማዬ፣ አመድ ነው።»

ምኑ ብላ አልጠየቀችኝም። ካውያውን አንስታ በተረከዙ አቆመችው። ሁለተኛ ልብስ ማቃጠል አልፈለገችም።

«ማን አየ?»

«ልጅቱ። አትናገርም። አንቺ ታውቂ ነበር!»

«አንቺ አይደለሽ የነገርሽኝ? 'ድብቅ ስጦታ' ብለሽ።»

«ለምን በቀጥታ ተው አላልሽውም?»

«አልኩት እኮ። ራት ላይ። ሰው ስሙን ፊት ገጽ ላይ አይቶት ካደረ በኋላ ይሰማል? አቧራውን ብቻዬን ደፍቼ ብተወው ተመልሶ ይነፋ ነበር፤ ከሰል አላለቀብን። መታጠቡን ሰው ሁሉ ማየት ነበረበት።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት ሲስቁብሽ?»

«ይሳቁ።» ሸሚዙን ገለበጠችው። «የሰዓት ሠሪው ሚስት ላይ ማንም አልሳቀም።»

«እሱስ? እንደምታውቂ ያውቃል?»

«ጠይቄው አላውቅም። አንቺም እንዳትጠይቂው።»

የመክፈቻው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ፀጉር አስተካካዩ በልጅ ልጁ ተደግፎ መጥቷል፤ አጎቴ ከኋላ ወንበር ሆኖ እንደ ጭነት መኪናው ያጓራል። እናቴ ፊት ለፊት፣ ከኔ አጠገብ። መድረኩ ላይ አባቴ ሸብቶ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከአጠገቡ በጠረጴዛ ላይ የውሃ ጆግ፣ ከኋላው በመስታወት ውስጥ ከረጢቱ። ንግግሩን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ቴምብሩን አለፈ፤ ክብሪቱን አለፈ፤ ወደሚጠበቀው ታሪክ ደረሰ። ሰዉ ገና ከመጀመሩ በፊት ሳቁን እያዘጋጀ ነው።

«... ቡፌውን ስከፍት ባዶ! ዞር ስል እሷ!»

«ቆሽሾ ነበራ!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። ሳቅ። እናቴም ሳቀች።

አባቴ ግን አልሳቀም። ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተ። በአዳራሹ ሁሉ ላይ ያሳለፈው ዓይኑ መጥቶ እናቴ ላይ ቆመ።

«ዛሬ ግን» አለ፤ ድምፁ ወረደ፤ «ነግሬያችሁ የማላውቀው አንድ ነገር አለ። ያ አቧራ...»

በጻፍኩለት ንግግር ውስጥ ያ ዐረፍተ ነገር የለም። ወደ እናቴ ስዞር ወንበሯ ባዶ ነው። ጉልበቷ ያማታል፤ ደረጃ ስትወጣ «ወይ ጉልበቴ» ሳትል አትወጣም፤ መድረኩ ላይ መቼ እንደደረሰች አላየሁም።

«ጉሮሮህ ደርቋል መሰለኝ፣ ውሃ ልስጥህ...» አለች፤ ጆጉን አነሳች፤ ክርኗ ማይክሮፎኑን መታ፤ ጆጉ ሙሉ በሙሉ ደረቱ ላይ ተገለበጠ። ከአንገቱ እስከ ቀበቶው። ማይክሮፎኑ እንደ ፉጨት ጮኸና ዝም አለ።

«ውይ! ውይ በሞትኩት!»

ከዚያ ከኋላ የአጎቴ ድምፅ፦ «እሱንም አጠበችው!»

ጣሪያው በሳቅ ሊነሳ ደረሰ። ሰው እየተነሳ ያጨበጭባል፤ ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን አውልቆ እንባውን ይጠርግበታል። እኔ አንድ የጠረጴዛ ልብስ ስቤ ላደርቀው ወደ መድረኩ ሮጥኩ። ስለዚህ ቀጥሎ የተባለውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አባቴ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልናገር ነበር እኮ» አላት።

«አውቃለሁ» አለች እናቴ። «ክንድህን አንሳ።»

እንደ ልጅ ክንዱን አነሳላት። ኮቱን አወለቀችለት። ሕዝቡ እየሳቀ፣ እኔ ጨርቁን እንደያዝኩ ድርቅ ብዬ፣ እሷ ልብሱን ከማጠፏ በፊት በልማዷ የግራውን ኪስ ወደ ውጭ ገለበጠችው፤ የኔ ንግግር ረጥቦ ወጣ፤ ለኔ አቀበለችኝ። ከዚያ የቀኙን ገለበጠችው። በመዳፏ ጠብ ጠብ አደረገችው።

ምንም አልወደቀም።